የኮኮናት ዘይት ወይስ የኑግ? ቦርጭ ለማጥፋት ብላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት

ደሴ ፒያሳ ካለ ሱቅ አንድ ብልቃጥ የኮኮናት ዘይት ገዛሁ። ቦርጭ ያጠፋል ተብዬ ነው። በነጋታው ጠዋት ማንኪያ ባስገባበት እምቢ አለ። ነጭ ሆኖ ደርቋል። እናቴ አየችውና «ይሄ ሞራ ነው እንዴ?» አለች።

ብዙም አልተሳሳተችም። የኮኮናት ዘይት ከ24 ዲግሪ በታች ይረጋል። የደሴ ጠዋት ደግሞ መቼ 24 ገብቶ ያውቃል! ስለዚህ ቢረጋባችሁ ተበላሸ ብላችሁ ከባለሱቁ ጋር አትጣሉ።

ወደ ውፍረቱ ልምጣ። አንድ የሾርባ ማንኪያ የኮኮናት ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። የኑግ ዘይትም ያው ነው። የተነጠረ ቅቤም አይርቅም። የሚለያዩት በሚረጋው ቅባት፣ ማለትም በሳቹሬትድ ፋት ነው። በአንድ ማንኪያ ኮኮናት 12 ግራም፣ ቅቤ 8፣ ኑግ 2 ገደማ ይይዛሉ። እኔ ቅቤ እየፈራሁ ከቅቤ የባሰ ገዝቼ ነበር። የአሜሪካ የልብ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2017 የኮኮናት ዘይት መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል ብሎ እንዳይዘወተር መክሯል።

ታዲያ «ያቀጥናል» የሚለው ወሬ ከየት መጣ? ከኮኮናት ተለይቶ ከሚወጣ ኤምሲቲ ከሚባል ዘይት ነው። እሱን ሰውነት ቶሎ ያቃጥለዋል፤ በጥናትም ትንሽ ክብደት ሲቀንስ ታይቷል። እኛ ሱቅ ያለው ግን እሱ አይደለም። የእሱ ግማሽ ያህሉ ሎሪክ አሲድ የሚባል ቅባት ነው፤ ሎሪክ ደግሞ ሰውነት ውስጥ በአብዛኛው እንደማንኛውም ቅባት ነው የሚሆነው።

የእኔ ጅልነት ሌላ ነው። ከወጡ ዘይት ጠብታ ሳልቀንስ ቡናዬ ላይ አንድ ማንኪያ ኮኮናት ጨመርኩ። በየቀኑ 120 ካሎሪ ምርቃት ማለት ነው!

ለወጥ ከሆነ ኑግ ግዙ። ከመጭመቂያ የሚወጣውን ካገኛችሁ ትንሽ ትንሽ ውሰዱ፤ ሲቆይ ጠረኑ ይለወጣል። ጠረኑን የማይወድ የሱፍ ይግዛ። ሁለቱንም ቢሆን በማንኪያ ለኩ እንጂ ከጀሪካን አታንቆርቁሩ። ኮኮናት ጣዕሙን ለሚወድ አልፎ አልፎ ይሆናል፤ ለፆምም አይከለከልም። ብልቃጡ ላይ ለፀጉር የሚል ካለበት ግን አትብሉት።

የእኔን እህቴ ወስዳዋለች። ጠዋት ፀሐይ ላይ አስቀምጣ ታቀልጠውና ፀጉሯን ትቀባዋለች።