የኪሳራ ማመልከቻ ልታስገቡ ነው? ቅጽ ሞላሁ ብሎ ለሚያስከፍላችሁ ሰው ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

በአሜሪካ ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው ዕዳው እንዲሰረዝለት ለፍርድ ቤት የሚያቀርበው የኪሳራ ማመልከቻ ይባላል። በቅጹ ላይ ያለ ጠበቃ ለሚያመለክት ሰው የቀረበ አንድ ጥያቄ አለ። ቅጹን ለመሙላት ጠበቃ ላልሆነ ሰው ገንዘብ ከፍለዋል ወይ ይላል። ከፍያለሁ የሚል የተቀባዩን ስም ይጽፋል። በእኔ ቅጽ ላይ «አልከፈልኩም» የሚለው ሳጥን ምልክት ተደርጎበታል፤ የሐሰት ቃል ብሰጥ በወንጀል እንደምጠየቅ አውቃለሁ ከሚለው ዓረፍተ ነገር በታች ደግሞ ፊርማዬ ተቀምጧል። የከፈልኩት ግን 1,400 ዶላር ነበር፤ በጥሬ ገንዘብ፣ ያለ ደረሰኝ።

ይህን የምጽፈው በይበልጥ በሰሜን ቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዋሽንግተን ዲሲ ለምትኖሩ ወገኖቼ ነው። የኪሳራ ሕግ የፌዴራል ስለሆነ ዳላስም ሆነ ሲያትል ያለ ሰው ቢያነበው ይጠቀምበታል።

የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ነኝ። ልቤን ታምሜ ሆስፒታል ተኝቼ ስወጣ፣ ኢንሹራንሱ ያልሸፈነው ዕዳ ከክሬዲት ካርዱ ጋር ተደምሮ ከ31 ሺህ ዶላር አለፈ። አንዱ አበዳሪ ከስሶ አስፈረደብኝና ከደመወዜ ይቆረጥ ጀመር። ያኔ አንድ ወዳጄ ግብር የሚሠራ፣ የኢሚግሬሽን ቅጽ የሚሞላ፣ የአውሮፕላን ትኬትም የሚቆርጥ አንድ የእኛን ሰው ጠቆመኝ። በሩ ላይ «ሊጋል ሰርቪስ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ጠበቃ ያልሆነ የኪሳራ ቅጽ አዘጋጅ በማስታወቂያው ላይ «ሊጋል» የሚለውን ቃል እንዳይጠቀም ሕጉ እንደሚከለክለው የሰማሁት ብዙ ቆይቼ ነው።

ቅጽ የሚሞላው ልጅ ትሑት ነው። ሻይ አስመጣልኝ፤ ቆሞ ተቀበለኝ፣ ቆሞ ሸኘኝ። «ጋሼ፣ አይጨነቁ፤ ማንም ሳያውቅ በምስጢር እጨርስልዎታለሁ» አለኝ። 900 ዶላሩ የእርሱ ድካም፣ 500 ዶላሩ የፍርድ ቤት ነው ተባልኩ። እኔ ያመለከትኩበት የኪሳራ ዓይነት ቻፕተር 7 ይባላል፤ የፍርድ ቤት ክፍያው 338 ዶላር ነው። ልዩነቱን እንኳ ብንተወው፣ ቅጽ አዘጋጅ የፍርድ ቤቱን ገንዘብ በእጁ መቀበል ፈጽሞ አይፈቀድለትም፤ የሚከፍለው ባለዕዳው ራሱ ለመዝገብ ቤቱ ነው። «በምስጢር» የሚለውም ተረት ነው። የኪሳራ መዝገብ ማንም ሰው ጠይቆ ሊያየው የሚችል የሕዝብ ሰነድ ነው፤ ከሌላው ዓይን የሚሸፈነው እንደ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ያለው ነገር ነው፣ እርሱም የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ይታያሉ።

ከእኅቶቼና ከወንድሜ ጋር የወረስነው የእናታችን ቤት ደሴ አለ። ይጻፍ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀ። «ጋሼ፣ ደሴ ያለ ቤት አሜሪካንን ምን አገባው? ማን ሄዶ ያየዋል?»

ያገባዋል። ኪሳራ የሚያመለክት ሰው ንብረቱ የትም አገር ይሁን፣ በማንም እጅ ይሁን፣ ማስመዝገብ አለበት። አዲስ አበባ ያለ ኮንዶሚኒየም፣ በወንድም እጅ ያለ መሬት፣ እየጣላችሁበት ገና ያልደረሳችሁ እቁብ፣ ሁሉም ይጻፋል። አውቆ መደበቅ እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ነው፤ ዕዳው ሳይሰረዝ ሊቀርም ይችላል። ንብረት ተጻፈ ማለት ደግሞ ተወሰደ ማለት አይደለም። እኔ ደሴን ኋላ ላይ አስመዘገብኩ፤ የቤቱን ወረቀትና የወራሾቹን ዝርዝር ተጠይቄ ሰጠሁ፣ በዚያው ቀረ።

ማመልከቻው ከገባ ከ21 እስከ 40 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የአበዳሪዎች ስብሰባ የሚባል አለ። የሚመራው ትረስቲ የሚሉት ባለአደራ ነው። ልጁ በስብሰባው ላይ ለማስተርጎም ሌላ 150 ዶላር ጠይቆኝ ነበር። እንዳትከፍሉ፤ ለዚህ ስብሰባ መንግሥት በስልክ አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባል። የእኔ የተደረገው በዙም ነው። ልጄ ስልኳን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፋ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አቆመችልኝ። ባለአደራው ካስማለኝ በኋላ «ይህን ቅጽ ማን አዘጋጀልዎት?» አለኝ። ልጄን አየኋት። እርሷ የስኳር ዕቃውን አየች። እውነቱን ተናገርኩ። ቀጥሎ ከአሜሪካ ውጭ ንብረት እንዳለኝ ጠየቀኝ፤ ደሴን ነገርኩት። ድምፁ አልተለወጠም፤ ቅጹ እንዲታረም ብቻ አዘዘኝ። ወደ ልጁ ደወልኩ። «ዛሬውኑ አስተካክላለሁ» አለኝ፤ ከዚያ በኋላ ስልኩን አላነሳም።

ጥቂት ቆይቶ መዝገቤ ውድቅ ሆኖ የተዘጋ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከፍርድ ቤት መጣ። ምን እንደተፈጠረ ለማወቅ ስሜን ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩ፤ ሁለተኛው ሞኝነቴ ይህ ነው። የኪሳራ መዝገብ በደቂቃ አገኛለሁ የሚል ገጽ 39 ዶላር ከ95 ሳንቲም ወሰደብኝ። ያሳየኝ የድሮ አድራሻዎቼንና በሌላ ክፍለ ግዛት የሚኖር የአንድ ሞክሼዬን መዝገብ ነው። ገንዘቡም በየወሩ የሚቆረጥ ኖሮ ባንኬ ሄጄ እስካስቆመው ድረስ ሁለት ጊዜ ተወስዷል።

ስሜን ኢንተርኔት ላይ በፈለግኩ ማግሥት አሌክሳንድሪያ ዋሽንግተን ጎዳና ላይ ወዳለው የኪሳራ ፍርድ ቤት ሄድኩ። መዝገብ ቤቱ ለሕዝብ የተዘጋጀ ኮምፒውተር አለው፤ ማየት ነፃ ነው፣ ማተም ለአንድ ገጽ 10 ሳንቲም። አልፈልግም እንጂ ብፈልግ የጎረቤቴንም መዝገብ ማየት እችል ነበር። የራሴን ከፈትኩት። የፍርድ ቤቱን ክፍያ በአራት ጊዜ እንድከፍል ይፈቀድልኝ የሚል ማመልከቻ በፊርማዬ ገብቷል። ሳላነበው ካስፈረመኝ ወረቀቶች አንዱ መሆኑ ነው። ልጁ የመጀመሪያውን ክፍያ ፈጽሞ የቀረውን ኪሱ ከትቶታል፤ መዝገቤ የተዘጋውም በዚሁ ምክንያት ነው። የፍርድ ቤት ደብዳቤዎች ሲመጡ ይዤለት ስሄድ «ተራ ማሳወቂያ ነው፣ ጋሼ» ይለኝ ነበር።

ከቤት መውጣት የማይመቸው ሰው ፔሰር በሚባለው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የኤሌክትሮኒክ መዝገብ መጠቀም ይችላል። ምዝገባው ነፃ ነው። ለአንድ ገጽ 10 ሳንቲም ይታሰባል፤ አንድ ሰነድ የፈለገውን ያህል ቢረዝም ከ3 ዶላር አይበልጥም፣ በሦስት ወር ውስጥ ከ30 ዶላር በላይ ካልተጠቀማችሁ ደግሞ ምንም አትከፍሉም። የመዝገቡን ሁኔታ ብቻ ለማወቅ በ866 222 8029 ደውሎ ስም ወይም የመዝገብ ቁጥር መስጠት ይበቃል፤ ይህም ነፃ ነው።

ያ የተዘጋ መዝገብ ጉዳቱ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ኪሳራ ስታመለክቱ አበዳሪ መደወሉን፣ መክሰሱን፣ ከደመወዝ መቁረጡን ወዲያው ያቆማል። የመጀመሪያው መዝገብ ከተዘጋ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ እንደገና ካመለከታችሁ ግን ዳኛው ካላራዘመው በስተቀር ይህ ጥበቃ በ30 ቀን ያበቃል። በዚያው አንድ ዓመት ውስጥ ሁለት መዝገብ እንዲህ ተዘግቶባችሁ ሦስተኛ ጊዜ ካመለከታችሁ ከነጭራሹ አይጀምርም። ሁለተኛውን ማመልከቻ ያስገባችልኝ ጠበቃ ጥበቃው እንዲራዘም ለብቻው ማመልከት ነበረባት፤ ለዚያም ከፈልኩ።

ለጠበቃዋ እቁብ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል። ገብቷት ስታበቃ የጠየቀችኝ ጥያቄ አስደነገጠኝ፤ ባለፈው ዓመት ለዘመድ የመለስኩት ብድር አለ ወይ? ለአጎቴ ልጅ 2,000 ዶላር መልሼ ነበር። ካመለከታችሁበት ቀን በፊት ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ለዘመድ የተከፈለን ዕዳ ባለአደራው ከዘመዱ ላይ ሊያስመልስ ይችላል። ዘመድን አስቀድሞ መክፈል ለእኛ ጨዋነት ነው፤ በዚያ ሕግ ሌሎቹን አበዳሪዎች መበደል ነው። ልጁ ይህን አንድም ቀን አልጠየቀኝም።

ቅጽ አዘጋጅ ሕገ ወጥ ሥራ አይደለም። የተነገረውን መጻፍ ይችላል፤ የትኛውን ቻፕተር ምረጡ፣ ይህን ጻፉ ያንን ተዉ ማለት ግን አይችልም። ጠበቃ አለመሆኑን የሚገልጽ ወረቀት አስቀድሞ ሰጥቶ ማስፈረም፣ ባዘጋጀው ሰነድ ላይም ስሙን፣ አድራሻውንና የራሱን ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አስፍሮ መፈረም አለበት። አዘጋጁ «ስሜ አይነሳ» ካላችሁ ተነሥታችሁ ውጡ። ቅጾቹ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛሉ። ገቢው ከድህነት ወለሉ አንድ ተኩል እጥፍ በታች የሆነና በየጊዜው ከፍሎ መጨረስ የማይችል ሰው 338 ዶላሩ እንዲቀርለት መጠየቅ ይችላል። ከማመልከታችሁ በፊት ባሉት 180 ቀናት ውስጥ ፈቃድ ካለው ተቋም የዕዳ ምክር መውሰድ ግዴታ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ50 ዶላር አይበልጥም። የቻፕተር 7 ኪሳራ በክሬዲት ሪፖርት ላይ 10 ዓመት እንደሚቆይም አስቡበት።

የተበደላችሁ ካላችሁ አቤቱታ የሚቀርበው የኪሳራ ጉዳዮችን ለሚቆጣጠረው፣ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ላለው የዩናይትድ ስቴትስ ትረስቲ ቢሮ ነው። ለአንድ ጥፋት እስከ 500 ዶላር ቅጣት አለ፤ አዘጋጁ ንብረት ደብቁ ካለ ወይም ማንነቱን ከሰወረ ቅጣቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል። እኔ የቅጹን ቅጂና ሻይ እየጠጣን የጻፈልኝን የሂሳብ ብጣሽ አያይዤ ልኬያለሁ። ባለፈው ሳምንት በዚያ በኩል ሳልፍ ሰሌዳው ላይ «ሊጋል» የሚለው ቃል በነጭ ቀለም ተቀብቷል። «ሰርቪስ» እንዳለ ነው።