የዓመቱን ዘፈኖች ስንመርጥ፦ በአንድ ሰልፍ ወይስ በየዘርፉ?

ጳጉሜን ሲደርስ ጎንደር ውስጥ ጓደኛሞች የዓመቱን ምርጥ አሥር ዘፈኖች ሲመርጡ ሁለት መንገድ አላቸው።

አንደኛው ሁሉንም በአንድ ሰልፍ ማሰለፍ ነው። እያንዳንዱ መራጭ አሥር ዘፈን ይጽፋል፤ አንደኛው 10 ነጥብ፣ አሥረኛው 1 ነጥብ ያገኛል፤ ከዚያ ይደመራል። ፈጣን ነው፤ ግን ለብዙኃኑ ጆሮ ያደላል። ከአምስት መራጮች አራቱ የሂፕ ሆፕ ወዳጆች ከሆኑ፣ አንዱ ብቻ አንደኛ ያለው የማሲንቆ ዘፈን በ10 ነጥብ ይቀራል፤ አራቱ አምስተኛ ያደረጉት ግን 24 ያገኛል።

ሁለተኛው በየዘርፉ መለየት ነው። እኛ ይህን እንመርጣለን፤ መመዘኛው አንድ አይደለምና። የአዝማሪ ዘፈን ሲዳኝ ሰምና ወርቁ ይፈተሻል፤ ድምፁም ከማሲንቆው አንድ የፈረስ ጭራ ክር ጋር እንዴት እንደሚመላለስ ይደመጣል። ሂፕ ሆፕ ላይ የቃላቱ አወራረድ ከምቱ ጋር መግጠሙ ይታያል። በአንድ ሚዛን ሁለቱም ይበደላሉ።

አስቸጋሪው ድንበር ላይ ያለው ነው፦ ማሲንቆ በኤሌክትሮኒክ ምት ላይ ሲገባ የት ይመደብ? ዜማውን የተሸከመውን መሣሪያ ተከተሉ፤ ሁለት ቦታ ግን አታስገቡት። አምስት ዘፈን ያልሞላው ዘርፍ ከቅርቡ ጋር ይቀላቀል።

በሁለቱም መንገድ የድምፁን መጠን አስተካክሉ። አዝማሪ ቤት በስልክ የተቀዳው ዝቅ ብሎ፣ የስቱዲዮው ጎልቶ ከተሰማ፣ ጆሮ የጎላውን የተሻለ አድርጎ ይቆጥረዋል። በመስከረም የወጣው እንዳይረሳም በየወሩ ሁለት ሁለት ዘፈን መዝግቡ።