ሸክላ ድስት፣ ተራ ድስት ወይስ ፕሬዠር? ደብረ ብርሃን ላይ ከልጆቹ ጋር ለሚያበስል ቤት

ደብረ ብርሃን የመጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚያማርረው ብርዱን ነው። ቀጥሎ ባቄላውን ያማርራል። «አልበስል አለኝ» ይላል። ባቄላው ግን ጥፋት የለበትም። ከተማችን የተቀመጠችው ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ90 ገደማ ነው። ከሥር የፈለጋችሁትን ያህል ከሰል ብትጨምሩ ክዳኑ ያልታሸገ ድስት ውስጥ ያለ ውሃ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ቶሎ ተንኖ ያልቃል እንጂ። ሸዋ ሮቢት ያለችው እህቴ ቆላ ስለሆነች ውሃዋ 96 አካባቢ ነው የሚፈላው። «ንፍሮውን ጥጄ ልብስ አጥቤ ስመለስ በሰለ» ትለኛለች። እኔ ልብሱን አጥቤ፣ አስጥቼ፣ ደርቆልኝም አጣጥፌዋለሁ፤ ንፍሮው ገና ነው።

ይህን የማወራው ልጆቼ ወጥ ቤት መግባት ስለሚወዱ ነው። ትልቋ 11 ዓመቷ፣ ትንሹ 6። ከሥራ ወጥቼ 11 ሰዓት ተኩል ቤት እገባለሁ። ትንሹ 2 ሰዓት ላይ ማንቀላፋት ይጀምራል። ያለን ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። አንድ ነገር ታዝቤያለሁ፤ ልጅ በእጁ የሠራውን ሳይበላ ከተኛ በማግስቱ «ና እርዳኝ» ብትሉት አይመጣም። ምስሩን ለቅሞ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ወቅጦ፣ እራት ሳይደርስ እንቅልፍ ሲወስደው ምን ያድርግ? ስለዚህ የወጥ ቤት ዕቃ ስገዛ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ትንሹ ሳይተኛ ያደርስልኛል? ለልጅ እጅ የሚሆን ሥራስ ይተርፈዋል?

ሸክላ ድስት

አማቴ የመንዝ ሰው ናቸው። ከሸክላ ድስት ሌላ ድስት አያውቁም፤ ማወቅም አይፈልጉም። «ልጄ፣ ሽሮ በብረት ተሠርቶ ሽሮ ይሆናል?» ይሉኛል። በሽሮው ነገር ልክ ናቸው። ሸክላ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎም ይቀዘቅዛል። ከእሳት ወርዶ ገበታ ላይ እንኳን ቱክ ቱክ እያለ ይቆያል። በእኛ ብርድ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በብረት ድስት የቀረበ ሽሮ ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ቆዳ ያወጣል።

ለባቄላና ለሽንብራ ግን ሸክላ አይሆንም። እሳቱ ላይ ያለው ጊዜ ይረዝማል፣ ከሰሉም እንደዚያው። ለልጅም ከባድ ነው፤ ከእጁ ካመለጠ አለቀለት። ደግሞ ትኩስ ሸክላ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ሊሰነጥቀው ይችላል። ትንሹ አንዴ «ላግዝሽ» ብሎ ከባልዲ ጨልፎ ጨመረበት። አማቴ ያንን ድስት እስከዛሬ ያነሱታል።

ስትገዙ በጣታችሁ ኳ ኳ አድርጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ካወጣ ይሁን፤ ድፍን ያለ ድምፅ ከሆነ የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። አሟሹልኝ ብላችሁ አትመኑ፤ ራሳችሁ አሟሹት።

ተራ ድስት

ስለ አሉሚኒየም ድስት ብዙ የምለው የለኝም። ሁሉም ቤት አለ። ቀላል ነው፣ ቶሎ ይሞቃል፣ ስሱ ከሆነ ቶሎ ያሳርራል። ቲማቲም ወይም ሎሚ የበዛበት ምግብ ውስጡ አያሳድሩ። ልጅ ማማሰል የሚለማመድበት ድስት ካስፈለጋችሁ ታቹ ወፍራም የሆነ፣ ሁለት እጀታ ያለው፣ ከምድጃው አፍ ሰፋ ያለ ምረጡ። ጠባብ ድስት ሰፊ ምድጃ ላይ ይንሸራተታል።

ፕሬዠር፣ እሳት ላይ የሚጣደው

የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ እሱ ነው። ክዳኑ ስለሚታሸግ እንፋሎቱ ውስጥ ይታፈናል፤ ሲታፈን ውሃው ከ90 አልፎ ይሄዳል። ጥሩው ዓይነት ደብረ ብርሃን ላይ 115 ዲግሪ አካባቢ ያደርሳል። ማታ የተዘፈዘፈ ሽንብራ ከግማሽ ሰዓት በታች ይበስላል። የሀገር ዶሮም እጅ ይሰጣል።

ከዕቃው ጋር የሚመጣው መመሪያ ላይ ያለው ሰዓት ግን ለእኛ አይደለም። ብዙ ጊዜ ለባሕር ወለል ከፍታ የተጻፈ ነው። ለዚህ ከፍታ አንድ ሦስተኛ ያህል መጨመር ነው። 15 ደቂቃ የሚለው እኛ ጋ 20 ነው። ሸዋ ሮቢት ከሆናችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ብቻ ጨምሩ። የመጀመሪያ ሳምንት ይህን ባለማወቄ «ውሸት ነው ይሄ ዕቃ» ብዬ ጓዳ ወርውሬው ነበር።

ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። አንደኛው ክዳኑ ከውስጥ የሚገባ ነው። ሲታፈን እንፋሎቱ ራሱ ክዳኑን ወደ ላይ ስለሚገፋውና ስለሚያጠብቀው፣ ግፊቱ ሳይወርድ ልክፈት ቢሉት እሺ አይልም። ሁለተኛው ክዳኑ ከላይ ገጥሞ በመጠምዘዝ የሚቆለፍ ነው። ለማጠብም ለመክፈትም ይቀላል፤ ግን ግፊት እያለ እንዳይከፈት የሚያግድ ቁልፍ እንዳለው እዚያው ሱቅ ውስጥ አስከፍታችሁ እዩ። ልጅ ላለበት ቤት የኔ ምርጫ ከውስጥ የሚገባው ነው። ክዳኑን አጣሞ ማስገባት መጀመሪያ ያናድዳል። በሳምንት ትለምዱታላችሁ።

ሌላው ጎማው ነው። የመጀመሪያውን ፕሬዠሬን ከአንድ ሱቅ በርካሽ ገዛሁ። በሦስተኛው ወር ጎማው ላላና እንፋሎቱን በጎን መትፋት ጀመረ። መለዋወጫ ስጠይቅ «አዲስ ግዢ» ተባልኩ። አሁን ከዕቃው ዋጋ በፊት የጎማውን ነው የምጠይቀው። ትርፍ ጎማ የማይሸጥለት ፕሬዠር ትንሽ ቆይቶ ውድ ተራ ድስት ይሆናል።

ባቄላ፣ ሽንብራና ምስር ከግማሽ ድስት በላይ አትሙሉ። አረፋና ልጣጭ የእንፋሎቱን ቀዳዳ ይደፍናል። ሽሮማ ጭራሽ አይሞከርም! ወፍራም ነገር ታቹ ያርራል፣ ቀዳዳውንም ይዘጋል። ምስር ክክም በተራ ድስት ቶሎ ስለሚበስል ፕሬዠር አያስፈልገውም።

ለልጅስ? መክፈትና መዝጋት የአዋቂ ነው፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም። ግን ትንሹ የራሱ ሥራ አለው፤ ፉጨት ይቆጥራል። በእያንዳንዱ ፉጨት አንድ የባቄላ ፍሬ ሰፌድ ላይ ያስቀምጣል። አንዴ እኔ አራት ስል እሱ አምስት አለ፤ ፍሬዎቹ ሲቆጠሩ እሱ ልክ ነበር።

የኤሌክትሪኩ ፕሬዠር

ቁልፍ ተጭነው ዞር የሚሉበት ነው። እሳት የለም፣ ከሰል የለም፣ ሲደርስ ራሱ ያቆማል። ለ11 ዓመቷ ልጄ ይሄኛው ይሻላል፤ ለክታ፣ ጨምራ፣ ሰዓቱን ራሷ ትሞላለች። ግፊቱ ብዙ ጊዜ እሳት ላይ ከሚጣደው ስለሚያንስ ጥቂት ደቂቃ ይዘገያል። ይሁን፤ ያንን ደቂቃ እኔ ቁሜ አልጠብቀውም።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። መብራት ሲጠፋ ምግቡ እዚያው ታሽጎ ይቀራል። አንዳንዱ መብራት ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል፣ አንዳንዱ ሁሉን ረስቶ ይጠብቃችኋል። ስትገዙ ይህንን ጠይቁ፤ ካልመለሱላችሁ ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ ንቀሉት። መብራቱ ከፍ ዝቅ የሚልበት ሰፈር ከሆናችሁ ስታቢላይዘርም ያስፈልጋችኋል። የስታቢላይዘሩን ዋጋ ደምራችሁ አወዳድሩ። ደግሞ የእንፋሎት መልቀቂያው አናቱ ላይ ስለሆነ ልጅ ፊቱን እንዳያስጠጋ ግድግዳ ጥግ አድርጉት፤ ከመደርደሪያ ሥር ግን አይሁን።

የቱን ልግዛ?

መብራታችሁ የሚታመን ከሆነና ቤት ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ልጅ ካለ፣ የኤሌክትሪኩን። መብራቱ የማይታመን ከሆነ፣ ወይም እንደ እነዋሪና መሐል ሜዳ ካለ ቦታ ሆናችሁ ጠጋኝ ቅርብ ካልሆነ፣ እሳት ላይ የሚጣደውን፣ ክዳኑ ከውስጥ የሚገባውን። ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ ያላችሁ፣ ብሩን ለሌላ ነገር አድርጉት፤ ባቄላውን ማታ መዘፍዘፍ ብቻ ይበቃችኋል። እኛ ጋ እንኳን መዘፍዘፍ አይቀርም፤ የእኛ ውሃ በራሱ በረዶ ስለሆነ ለብ ባለ ውሃ ይሁን። ቲማቲምም ባቄላው ሳይለሰልስ አይግባ፤ ያደርቀዋል። ሸክላውን ደግሞ ማንም እንዳይጥል። የሽሮ ነው።

ከድስት ሳልወጣ አንድ ነገር ልበል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ብዙ ሰው ወጡን የሠራበትን የከሰል ማንደጃ ለሙቀት ብሎ መኝታ ቤት ያስገባል። ጭስ የሌለው ከሰልም ይገድላል፤ የሚያወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ ስለሌለው አያስጠነቅቅም። ልጆች ያሉበት ክፍል በር ተዘግቶ ከሰል አይደር።

ሽንኩርቱ

ሁለተኛው ጊዜ በላተኛ ሽንኩርት ነው። ሦስት ምርጫ አለ። ቢላ፣ ብሌንደር፣ እና ገመዱ እየተጎተተ የሚከትፈው ትንሽ የፕላስቲክ መክተፊያ።

ብሌንደር ፈጣን ነው፤ ግን ሽንኩርቱን ውሃ ያደርገዋል። ማቁላላት ጀምራችሁ ውሃው እስኪመጥ ያተረፋችሁት ጊዜ ተመልሶ ይሄዳል። አንዳንዴም ይመርራል። ለጁስና ለድልህ ይሁን። ቢላ የተካነ እጅ ይፈልጋል። ባለ ገመዱ ርካሽ ነው፣ መብራት አይጠይቅም፣ ዓይንም ብዙ አያቃጥልም፤ ክዳኑ ካልገጠመም ብዙ ጊዜ አይዞርም። ልጆቼ በተራ ይጎትቱታል፤ «እኔ አስር፣ አንተ አስር»። ስትገዙ ገመዱን እስከ መጨረሻው ሳቡት። እየተንቀረፈፈ የሚመለስ ከሆነ ወር አይቆይም። ምላጩን ግን አጥባችሁ የምታደርቁት እናንተ ናችሁ። በላስቲክ የተሸፈነ መስሎ ይታያል እንጂ እንደ ጎራዴ ነው።

ለነጭ ሽንኩርት የሚበልጠው አሁንም ሙቀጫ ነው። 6 ዓመት ልጅ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሙቀጫውን በጉልበቱ መሃል ይዞ ይወቅጣል። ከባዱን የእንጨት ሙቀጫ ሳይሆን ትንሿን ግዙለት። ጨው ጣል ካደረጋችሁበት እየተፈናጠረ ወለል አያዳርስም።

ለልጅ እጅ

ልዩ የልጅ ቢላ እያሉ ውድ ነገር የሚሸጡ አሉ። አያስፈልግም። ጫፉ ድፍን የሆነ፣ ትንንሽ ጥርስ ያለው የዳቦ ዓይነት ቢላ ለተቀቀለ ድንችና ለቲማቲም ይበቃል። የደነዘ ትልቅ ቢላ ለልጅ መስጠት ግን ስህተት ነው፤ ስለማይቆርጥ ይገፋዋል፣ ሲገፋው ይንሸራተታል። ከመክተፊያው ሥር እርጥብ ጨርቅ አንጥፉ።

እሳትም ቢላም የማይፈልገውን ሥራ ደግሞ ሀገሩ ራሱ ሞልቶ ሰጥቶናል። እሸት ባቄላ ሲደርስ መፈልፈል ነው፤ ግማሹ ወደ አፍ ይሄዳል፣ ችግር የለም። ምስር ሰፌድ ላይ መልቀም ነው። የመንዝ ገብስ በሶ ካለ ጭብጦ መጨበጥ ነው። ትንሹ የሚጨብጠው ጭብጦ መጠኑ ሁሌ ይለያያል፤ አማቴ ግን የሱን ነው የሚመርጡት።

ድንች መላጫ ከገዛችሁ ሁለት ግዙ። አንድ ገዝቼ ለሳምንት ዳኛ ሆኜ ከርሜያለሁ።