በፌስታል የሚሸጠው የጠላ ጥቅል፦ ጌሾው ያልፋል፣ ብቅሉ ይወድቃል

ደሴ ሰኞ ገበያ ዙሪያና ኮምቦልቻ ባሉ የእህል ሱቆች ለጠላ የሚያስፈልገው ሁሉ ተፈጭቶ በፌስታል ታስሮ ይገኛል። ግማሽ ኪሎ ጌሾ፣ 1 ኪሎ ብቅል፣ 3 ኪሎ አሻሮ (ተቆልቶ የተፈጨ እህል)፣ ከላዩ ደግሞ አጠማመቁን የምትናገር ቁራጭ ወረቀት አለች። ጋን ማስቀመጫ ለሌለውና በአንድ ባለ 20 ሊትር ባለክዳን ባልዲ ለበዓል መጥመቅ ለሚፈልግ የታሰበ ነው። ልኬቱ አያስነቅፍም፤ በዚህ እህል ላይ 15 ሊትር ውሃ ሲገባ ወፍራምም ቀጭንም ያልሆነ ጠላ ይወጣል። የጌሾው፣ የብቅሉና የአሻሮው ጥራት ግን ይለያያልና ለይቶ መግዛት ይሻላል።

ጌሾው ጥሩ ነው። አረንጓዴነቱን አልለቀቀም፣ አፈጫጨቱም ሻካራ ነው። ልሞ የተፈጨ ጌሾ ሲጠለል ወንፊት ይደፍናል፣ ጠላውም ሳይጠራ ይቀራል። ቆንጠር አድርጎ ምላስ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ምሬቱ ቶሎ መጥቶ ከቆየ ደህና ነው፣ ቡናማ ሆኖ ድርቆሽ ድርቆሽ ከሸተተ ከርሟል። እንጨቱ አብሮ ከተፈጨ ስንጥር ይታያል፤ ጉዳት የለውም፣ ምሬቱ ስለሚቀንስ ግን አንድ እፍኝ መጨመር ያስፈልጋል።

የወደቀው ብቅሉ ነው፤ ጥቅሉን የሚያበላሸውም እሱ ነው። ቢራ ፋብሪካ ብቅሉን 65 ዲግሪ አካባቢ በሞቀ ውሃ ዘፍዝፎ ስታርቹን በሰዓታት ውስጥ ወደ ስኳር ይለውጠዋል። ጠላ እንዲህ አይሞቅም፤ ስኳሩ የሚወጣው እዚያው ባልዲ ውስጥ፣ በቀዝቃዛው፣ በቀናት ነው። የብቅሉ ጉልበት ካለቀ ታዲያ የሚያካክሰው ነገር የለም። እህሉ አተላ ሆኖ ይዘቅጣል፣ ከላይ የሚቀዳው ጌሾ የነካው ውሃ ይሆናል። ጉልበቱ የሚያልቀው ብቅሉ ቀለም እንዲይዝ ተብሎ ምጣድ ላይ ሲቆላ፣ ወይም ከተፈጨ በኋላ እርጥበት እየሳበ ሱቅ ውስጥ ወራት ሲከርም ነው። የፌስታሉ ብቅል የመጀመሪያው ደርሶበት ይመስላል፤ መልኩም ሽታውም የቆሎ ነው። ፀሐይ ላይ የደረቀ ብቅል እንዲህ አይሸትም።

መፈተኛው ቀላል ነው። አራት የሾርባ ማንኪያ የገብስ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ውሃ ገንፎ እስኪመስል ማብሰል። ከእሳት አውርዶ፣ ጣት ለቅጽበት ብቻ የሚችለው ሙቀት ላይ ሲደርስ አንድ የሻይ ማንኪያ ብቅል ጨምሮ ማማሰል፣ ሸፍኖ ግማሽ ሰዓት መተው። ብቅሉ ደህና ከሆነ ገንፎው ይቀጥናል፤ ከማንኪያው እንደ ወተት ይንጠባጠባል፣ ሲቀመስም ይጣፍጣል። በፌስታሉ ብቅል ገንፎው እንደረጋ ቀረ፣ ጣዕሙም ዱቄት ዱቄት አለ። ከዚያው ገበያ በተገዛ ፍሬ ብቅል ግን በሩብ ሰዓት ውስጥ ቀጠነ። ፍሬውን ሲገዙ ቡቃያው ያልረገፈውን፣ በጥርስ ሲሰበር ቀጭ የሚለውን፣ ሻጋታ የማይሸተውን መምረጥ ነው።

አሻሮው መካከለኛ ነው፤ ትንሽ ጠቁሯል። እንኩሮው (ውሃ ነክቶት ምጣድ ላይ የሚበስለው አሻሮ) ሲዘጋጅ ዱቄቱን ውሃ እያርከፈከፉ በእጅ ማሸት፤ ሲጨብጡት የሚያያዝ፣ ሲለቁት የሚፈረፈር ሲሆን ይበቃል። ሊጥ ከሆነ ምጣዱ ላይ ይጓጉላል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀርና ድፍድፉን (ባልዲው ውስጥ የሚፈላውን ወፍራም ቅልቅል) ያኮመጥጣል። አንዴ የተቆላ ስለሆነ ምጣዱ ላይ መብሰልና መድረቅ እንጂ ዳግም መጥቆር የለበትም። ካረረ እርሾው የሚበላው ያጣል፣ የማረሩ ምሬትም ከጌሾው ምሬት ጋር አይስማማም። ደግሞም ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ባልዲ ውስጥ አይገባም። ትኩስ እንኩሮ ጥንስሱን (ባልዲው ውስጥ መፍላት የጀመረውን) ይገድላል፤ በማግስቱ አረፋ የሌለው፣ ዝም ያለ ባልዲ ካያችሁ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኼ ነው።

ወረቀቷን ባትከተሏት ይሻላል። ለደሴም ለኮምቦልቻም አንድ ዓይነት ቀን ትሰጣለች። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፤ ሌሊቱ ጭራሽ አይገናኝም። ደሴ ላይ ጌሾው በ5 ሊትር ውሃ ተጠንስሶ 3 ቀን፣ በብርድ ወራት 4 ቀን ይፈልጋል፤ ኮምቦልቻ 2 ቀን ይበቃዋል። ከዚያ ብቅሉ፣ ከአሻሮው ግማሽ ኪሎ ተነስቶለት ከተጋገረ ቂጣ ፍርፋሪ ጋር ይገባል፤ ደሴ 3 ቀን፣ ኮምቦልቻ 2። በቀረው አሻሮ የተሠራው እንኩሮ ከገባ በኋላ ድፍድፉ ደሴ ሳምንት ያህል፣ ኮምቦልቻ 4 ቀን ይቆያል። ቀን ከመቁጠር ግን ምልክቱን ማየት ነው፦ ወደ ላይ የተነሳው እህል መስመጥ ሲጀምርና አረፋው ሲጎድል ቀሪው 10 ሊትር ውሃ ይሞላል። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ አፉ ተከፍቶ ማደር አለበት። ከተሞላ በማግስቱ ጉሽ ነው፣ በሦስተኛው ቀን ይጠራል። ኮምቦልቻ ላይ ከዚያ በላይ ማቆየት ለሆምጣጤ መጥመቅ ነው፤ ባልዲውን በረጠበ ጆንያ ጠቅልሎ ጥላ ውስጥ ማኖር አንድ ሁለት ቀን ያራዝማል።

ወረቀቷ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አጥብቆ መክደንም ታዛለች። ይሄ አደገኛ ነው። ድፍድፍ ብዙ ጋዝ ያወጣል፤ የታሸገ ጀሪካን ያብጣል፣ ክዳኑ ሲነካ ደግሞ ጥንስሱ ጣራ ይመታል። እስኪሞላ ድረስ ንጹሕ ጨርቅ አልብሶ ክዳኑን ከላይ ጣል ማድረግ በቂ ነው። ክዳኑ ተጠብቆ የሚዘጋው ውሃው ከተሞላ በኋላ ነው፣ አየር ሲገባ ስለሚኮመጥጥ፤ ያኔም ቢሆን ጠዋትና ማታ ላላ አድርጎ ማስተንፈስ ያስፈልጋል።

ባልዲው የምግብ ዕቃ መሆን አለበት፤ የቀለም ወይም የሳሙና የነበረ ባልዲ ሽታው አይለቅም። በግራዋ ይታጠባል እንጂ በወይራ አይታጠንም፣ ፕላስቲክ ይጣመማልና። የወይራ ሽታ የናፈቀው ትንሽ እንስራ አጥኖ ጠላውን በመጨረሻው ቀን ወደዚያ ያጥልል። ከአተላው ላይ 4 ሊትር ውሃ ተጨምሮ አንድ ቀን ሲያድር የሚጠጣ ቅራሪ ይወጣዋል።

ስለዚህ ጌሾውን ከጥቅሉ ሻጭ፣ ብቅሉን በፍሬው። ሻጩ ለይቶ አልሸጥም ካለ ጌሾ በየቅመም መደቡ ሞልቷል። ብቅሉን ለማስፈጨት ስትሄዱ ወፍጮው ከእናንተ በፊት ምን እንደፈጨ ጠይቁ። በርበሬ ከሆነ ሌላ እህል እስኪያልፍበት ጠብቁ፤ 1 ኪሎ ብቅል የበርበሬውን ጥራጊ ሁሉ ይዞ ይወጣል፣ በጠላ ውስጥም ያቃጥላል።