ለወጣቶች ዝግጅት፦ ክርክር ወይስ ሙዚቃ?

ለወጣቶች የቴሌቪዥን የውይይት ዝግጅት የሚያስብ ሰው ሁለት የአሜሪካ አርአያዎች አሉለት። የጥቁር አሜሪካውያን የቴሌቪዥን ጣቢያ የሆነው ቢኢቲ ከ1989 እስከ 2002 እ.ኤ.አ. ያስተላለፈው ቲን ሰሚት ወጣቶችን ስቱዲዮ ሰብስቦ ስለ ኤችአይቪ፣ ስለ አደንዛዥ ዕፅና ስለ ወሲብ ራሳቸው እንዲነጋገሩ ያደርግ ነበር፤ በብዙ ቤት ወላጅ ሲሰማ ጉሮሮውን የሚጠርግባቸው ጉዳዮች ማለት ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. የጀመረው የሙዚቃ ጣቢያው የኤምቲቪ ዝግጅት ቲአርኤል ደግሞ በተመልካች ድምፅ 10 የሙዚቃ ክሊፖችን ያወዳድር ነበር። ዘፋኙ ይመጣ፣ ከኒው ዮርኩ ታይምስ አደባባይ ጩኸት ይሰማ፣ አልበሙ ይተዋወቅ ነበር። ድምቀቱ አያከራክርም፤ ወጣቱ ግን ያጨበጭብ ነበር እንጂ ብዙ አይናገርም ነበር።

ምርጫዬ ቲን ሰሚት ነው። በሳል አወያይ የሌለው ጣቢያ ግን ሁለተኛውን ቢይዝ ይሻለዋል፤ ቢያንስ ሙዚቃው ክፍተቱን ይሸፍንለታል።