«ሙሉ የቤት ጥበቃ ፓኬጅ» ሲሏችሁ ከመፈረማችሁ በፊት በራችሁን እዩ

ወገኖቼ ይሄን የምጽፈው ሌላ ሰው እንደኛ እንዳይሸወድ ነው። ጎረቤታችን ቤት ሌባ በገባ በሳምንቱ አንድ ሻጭ በራችንን አንኳኳ፣ አራት ካሜራ፣ የበር ሴንሰር፣ ሳይረን፣ በስልክ የሚታይበት አፕ፣ ሁሉም በአንድ ላይ፣ ለእቃው ብዙ አትከፍሉም በየወሩ ትንሽ ትንሽ ነው አለን። እኛ ደግሞ ፈርተናል፣ ልጆቹ ለብቻቸው አንተኛም ብለዋል፣ ብቻ ሳናነበው ፈረምን። ውሉ የ3 ዓመት እንደሆነና መሀል ላይ ካቋረጥን የቀረውን ወር በሙሉ እንደምንከፍል ያየነው በኋላ ነው።

ስድስት ወር ሳይሞላ እኛም ቤት ተገባ። ማታ ነው፣ እቤት አልነበርንም፣ እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልተነካም። ሌባው መጀመሪያ ውጪ ያለውን ብሬከር አጠፋው፣ ካሜራዎቹ ባትሪ የላቸውም፣ ዋይፋዩም ሲጠፋ ስልኬ ላይ ምንም አልመጣም። ከዛ በሩን በእግሩ መታው፣ ተከፈተ። የበሩ ሴንሰር የሚጮኸው በሩ ላይ ያለው ማግኔት ፍሬሙ ላይ ካለው ጥንዱ ሲለያይ ነው፣ ማለትም በሩ ከተከፈተ በኋላ። ሳይረኑን ያገኘነው ባሊ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ነው።

ቢያንስ መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት የቀረጹት ነገር ይኖራል ብለን ሜሞሪ ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ከፈትነው፣ ፋይሎቹ አሉ ግን አይከፈቱም። ካርዱ ላይ 512 ጊጋባይት ተብሎ ተጽፏል፣ የሚያውቅ ልጅ ሲፈትሸው እውነተኛው 16 ብቻ ሆነ። እንዲህ አይነት ፎርጅድ ካርድ ለኮምፒውተሩም ለካሜራውም 512 ነኝ ብሎ ይዋሻል፣ 16ቱ ሲሞላ ግን ከዛ በኋላ የምትቀርጹት ይበላሻል። ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ (H2testw) የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፣ ካርዱን እስከ ጫፉ ይሞላና መልሶ ያነበዋል፣ ካርድ ስትገዙ በዛ ፈትሹ። ሌላው ካሜራ ደግሞ ከመስኮት መስታወት ጀርባ ነው የተሰቀለልን፣ ማታ በጨለማ እንዲያይ የሚያበራው፣ ለዓይን የማይታየው ኢንፍራሬድ መብራት መስታወቱ ላይ ያንጸባርቅና ምስሉ ነጭ ብቻ ይሆናል። ካሜራውን የገጠመልን ሰው ይሄን አያውቅም ማለት ይከብደኛል።

ፓስዎርዱም ከፋብሪካ የመጣው ነበር፣ ቀይሩ ያለን የለም። በፈረንጆቹ 2016 ሚራይ የተባለው ማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም) በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎችና ሪኮርደሮች ውስጥ የገባው ልክ በዚህ ቀዳዳ ነው፣ ከፋብሪካ የታወቁ ፓስዎርዶችን እየሞከረ። ካሜራ ካላችሁ ዛሬውኑ ቀይሩት፣ እባካችሁ።

ግን ከሁሉም በላይ ያበሳጨኝ በሩ ነው። ሊጠግን የመጣው አናጢ መሬት ላይ የወደቀች ቀጭን ብረት አንስቶ አሳየኝ፣ የቁልፉ ምላስ የሚገባባት ብረት ናት፣ ፍሬሙ ላይ የያዟት ሁለት ብሎኖች ናቸው፣ ርዝመታቸው 2 ሴንቲሜትር አይሞላም። ቁልፉ ምንም አልሆነም፣ ዛሬም ይሰራል፣ የተሰነጠቀው እንጨቱ ነው። ያንን ሁሉ የወር ክፍያ ስንከፍል ቤታችንን የያዙት እነዚህ ሁለት ብሎኖች ነበሩ። አናጢው ረጅምና ወፍራም ብረት አደረገበት፣ ፍሬሙን አልፈው ጀርባው ያለውን ወፍራም እንጨት የሚይዙ ከ7 እስከ 8 ሴንቲሜትር የሆኑ ብሎኖች አሰረበት፣ ግድግዳችሁ ብሎኬት ወይም ኮንክሪት ከሆነ በትራፓኖ ተበስቶ በፊሸር ነው የሚታሰረው። ማጠፊያዎቹንም እንደዛው አጠናከረ። በራችሁ ወደ ውጪ የሚከፈት ከሆነ ደግሞ የማጠፊያው ፒን ውጪ በኩል ስለሚቀር ተመቶ ሊወጣ ይችላል፣ የማይወጣ ፒን ያለው ማጠፊያ አስደርጉ። ይሄ ሁሉ ግማሽ ቀን አልፈጀም፣ ወጪውም ከፓኬጁ የአንድ ወር ክፍያ ያንስ ነበር።

ቁልፋችሁ ሲሊንደር (መክፈቻው የሚገባበት፣ ለብቻው የሚቀየር ክፍል) ያለው ከሆነ ከውጪ ሆናችሁ በጣታችሁ ዳስሱት፣ ከሽፋኑ ከ3 ሚሊሜትር በላይ ወጣ ካለ ሌባው ይዞ መሀሉ ላይ ይሰብረዋል፣ ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ እዛ ስላለ ቦታው ስስ ነው። ተንሸራታች መስኮት ካላችሁ ሀዲዱ ውስጥ በልኩ የተቆረጠ ዱላ አስገቡ። ሰው ሲጠጋ የሚበራ መብራትም ጥሩ ነው። ተከራይታችሁ የገባችሁ ሰዎች ሲሊንደሩን ቀይሩ፣ ድሮ የኖረው ሰው ስንት ኮፒ እንዳለው አታውቁም። የመስኮት ብረት የምታሰሩ ደግሞ ከውስጥ የሚከፈት አንድ ይኑር፣ እሳት ቢነሳ በየት ትወጣላችሁ?

ካሜራ አትግዙ አላልኩም። ግን በሩ ይቅደም፣ ከዛ ሻጩን መብራት ሲጠፋ ስንት ሰዓት ይሰራል፣ ቪዲዮው የት ነው የሚቀመጠው፣ ውሉን ባቋርጥ እቃው ያለናንተ አፕ ይሰራል ወይ ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በጽሁፍ ተቀበሉ። በር አንኳኩቶ ለመጣ ሰው እቤት የማትኖሩበትን ሰዓት አትንገሩ፣ ክፍል ለክፍልም አታዙሩት፣ እኛ ሁለቱንም አድርገናል።

ውሉ ሊያልቅ ገና ሁለት ዓመት ተኩል ይቀረዋል፣ የካርዱን ጉዳይ ጠቅሼ እንዲፈርስልኝ በደብዳቤ ጠይቄያለሁ፣ ካርዱንም ሁለቱን አጫጭር ብሎኖችም ለማስረጃ አስቀምጫቸዋለሁ።