ደሞዝተኛው ባትማንና የሁለት ልጆች አባት ስፓይደርማን

መጀመሪያ አንድ ነገር ላጥራ። ኮሚክ ስል ቀልድ ማለቴ አይደለም። እኛ ጋ «እሱ ልጅ ኮሚክ ነው» ሲባል ያስቃል ማለት ስለሆነ፣ ኮሚክ እያነበብኩ ነው ያልኩት ሰው ሁሉ «እስኪ አንዱን ንገረን» ይለኛል። ዲሲ ስልማ ይባስ፣ እኔ የባትማንን ኮሚክ የሚያወጣውን ድርጅት ማለቴ ነው። እናቴ አክስቴ ያለችበት ከተማ ነው የሚመስላት። አንድ ቀን ለጓደኛዬ ደውዬ «ዲሲ እኮ በዚህ ሳምንት ጉድ አፈላ» ስለው ሰምታ፣ «ምነው፣ ደህና አይደሉም እንዴ?» ብላ ነጠላዋን አንስታለች።

የማወራው ስለ ሱፐርሂሮ ኮሚክ፣ በሥዕል ስለሚተረክ የጀግና ታሪክ ነው። ካባ ለብሰው ከፎቅ ፎቅ ስለሚዘሉት ሰዎች።

አሜሪካ አዲስ ኮሚክ የሚወጣው ረቡዕ ረቡዕ ነው። ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ ማክሰኞ ሸሽቶ ነበር፣ በ2024 ተመልሶ ረቡዕ ገባ። ጾም ፈትቶ የተጸጸተ ሰው ነው የሚመስለው። እኔም ረቡዕ ማታ ሽሮዬን በልቼ፣ ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼ፣ ጋደም ብዬ ነው የማነበው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ሥራዬ ሜክሲኮ አካባቢ ስለሆነ ቤት የምደርሰው ከመሸ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለችው አንድ ሰዓት የእኔ ናት።

«አዲስ» ስል ደግሞ እኔ ጋ ሲደርስ ማለቴ ነው። የስፓይደርማን አሳታሚ የማርቭል አፕ፣ ማርቭል አንሊሚትድ፣ አዲስ እትም የሚያስገባው ወረቀቱ ከወጣ ከሦስት ወር በኋላ ነው። የዲሲን ኮሚክ ሰው ከውጭ ሲመጣ አስመጣለሁ። አንድ ቀጭን እትም አራት አምስት ዶላር ነው፣ ሃያ ምናምን ገጽ፣ ሻይህ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ በገበያ ይተመን ተብሎ ከተለቀቀ ወዲህ ያንን ወደ ብር መመንዘር ትቻለሁ። ቤት ኪራይ ያለበት ሰው እንዲህ ያለ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የማስመጣው በርካታ እትሞች አንድ ላይ የታሰሩበትን መጽሐፍ ነው።

በዚህ ሳምንት የአክስቴ ልጅ ከዲሲ መጣ። ከከተማዋ። ከሻንጣው ውስጥ ከሽቶና ከሕፃን ልብስ መሐል ሁለት መጽሐፍ አወጣልኝ፣ አብሶሉት ባትማንና አብሶሉት ዎንደር ዉማን። አብሶሉት ዲሲ የድሮ ጀግኖቹን ታሪክ እንደ አዲስ የሚተርክበት ስም ነው። የአንደኛው ጥግ ተጣጥፏል። ይቅር ብዬዋለሁ።

ባትማኑ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2024 ላይ ነው የጀመረው። ስኮት ስናይደር ጽፎት ኒክ ድራጎታ ነው የሣለው። እ.ኤ.አ. ከ1939 ጀምሮ የምናውቀው ባትማን፣ በእውነተኛ ስሙ ብሩስ ዌይን፣ የሀብታም ልጅ ነው፦ ቤተ መንግሥት የሚያህል ቤት፣ ከሥሩ ዋሻ፣ ሻይ የሚያቀርብለት አልፍሬድ። እዚህ ሁሉም ተነጥቋል። ይሄኛው ብሩስ ክራይም አሊ የሚባል የድሃ ሰፈር ልጅ ነው። አባቱ አስተማሪ ነበር፣ ተማሪዎቹን መካነ እንስሳት ሊያሳይ ይዞ ሄዶ እዚያው በጥይት ተገደለ። ብሩስ አድጎ የከተማው መሐንዲስ ሆነ። ደሞዝተኛ ነው በቃ። አልፍሬድም አሽከር መሆኑ ቀርቶ ባትማንን ከሩቅ የሚከታተል የእንግሊዝ ሰላይ ሆኗል፣ ታሪኩን የሚነግረንም እሱ ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ድህነቱ አይደለም። እናቱ ማርታ በሕይወት አለች። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን መጽሐፉን በሙሉ ይለውጠዋል። የድሮው ባትማን ሞቶ ቢያድር ድንኳን የሚተክልለት ዘመድ የለውም፣ ስለዚህ ከጣራ ሲዘል ብዙም አትሰጋለትም። ይሄኛው የምታለቅስለት እናት አለችው። በየገጹ «አንተ ልጅ፣ እናትህስ?» እያልኩ ነው ያነበብኩት።

ሌላው አብሮ አደጎቹ ናቸው። ፔንግዊን፣ ሪድለር፣ ቱ-ፌስ፣ ኪለር ክሮክ፣ እነዚህን የባትማን ጠላቶች አድርገን ነው የምናውቃቸው። እዚህ የሰፈሩ ልጆች ናቸው፣ አብረው ካርታ የሚጫወቱ፣ የሚሰዳደቡ፣ የሚበዳደሩ ጓደኞች። አንተ በሌላው ታሪክ ምን እንደሆኑ ታውቃለህ። እነሱ አያውቁም። ሲስቁ አብረህ ትስቅና መሐል ላይ ትዝ ሲልህ ሆድህ ይባባል። እንዲህ ያለ ነገር ለማድረግ ስናይደር ብዙ ቃል አላባከነም። የሚያባክነው አልፍሬድ ሲተርክ ነው። ይሄ ሰላይ ወሬ ይወዳል። ሥዕሉ የነገረኝን እሱ ደግሞ ይነግረኛል።

እና ጥያቄ አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሲደባደብ አድሮ ጠዋት ቢሮ የሚገባው በምን አቅሙ ነው? እኔ ኳስ አይቼ ያደርኩ ዕለት ታክሲ ውስጥ ተኝቼ ቃሊቲ ድረስ ተመልሻለሁ።

አሁን ስለ ምሳሩ። ደረቱ ላይ ያለው የሌሊት ወፍ ምልክት ተነቅሎ የምሳር ራስ ይሆናል። ስሰማው ልጅነት መስሎኝ ነበር። ሐሙስ ማታ የጎረቤቴ ልጅ መጣ፣ አሥር ዓመቱ ነው፣ መጽሐፍ ሲያይ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ነው የሚነካው። ባትማን በዚያ ምሳር የአንዱን ወሮበላ እጅ የሚቆርጥበት ቦታ ላይ ስንደርስ ገጹን በመዳፌ ሸፈንኩት። እሱ ግን ያሳሰበው ሌላ ነው።

«ጋሼ፣ ብር ከሌለው ልብሱን ማን ሰፋለት?»

«መሐንዲስ ነው፣ ራሱ ነው የሠራው።»

«አባዬም ይሠራዋል?»

አባቱ በያጅ ነው። መንገድ ዳር የብረት በርና መስኮት ይሠራል። ልጁ መጽሐፉን ይዞ ወረደና ከአባቱ ጋር ተመልሶ መጣ። ሰውዬው በሩ ላይ ቆሞ ገጹን ወደ አምፖሉ አዘነበለ። ስለ ባትማን ምንም አልጠየቀኝም። «ይሄ ስንት ሚሊ ላሜራ ነው?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። «ከሦስት ሚሊ ካነሰ አንዴ ሲመታበት ይታጠፋል፣ ከስድስት ከበለጠ ደግሞ ደረቱ ላይ አይሸከመውም።» ቀጥሎ መያዣውን በጥፍሩ እየነካ፣ «እዚህ ጋ ብየዳ አይሆንም፣ ብሎን ነው የሚያስፈልገው። በየቀኑ እየነቀለ የሚሰካው ከሆነ ብየዳው ይለቃል» አለ። ኢንተርኔት ላይ ስለዚህ ኮሚክ ብዙ አንብቤያለሁ። እንደዚህ ያለ ሂስ ግን አላጋጠመኝም።

አንድ ምክር፦ የምታነቡት ከሆነ በወረቀት አንብቡት። ድራጎታ አንድ ገጽ ላይ ጥቃቅን ሳጥኖችን ይደረድርና ቀጥሎ ሙሉ ገጽ በሚሞላ ሥዕል ይፈነዳል። ስልክ ላይ ሳጥን በሳጥን እየቆረጥክ ስታየው ያ ፍንዳታ ይጠፋል፣ ሁሉም እኩል ይሆናል። ስድስቱን እትም በሁለት ማታ ጨረስኩት። ከአሥር ዘጠኝ። አንዷን ለአልፍሬድ ምላስ ቀነስኩ።

ዎንደር ዉማን ላይ ብዙ አልቆይም፣ ገና መሐሉ ላይ ነኝ። ኬሊ ቶምፕሰን ጻፈችው፣ ሥዕሉ የሄይደን ሸርማን ነው። ዎንደር ዉማን፣ በስሟ ዳያና፣ እዚህ በደሴቷ ላይ በእናቷና በእህቶቿ መሐል አላደገችም። በሕፃንነቷ ሲኦል ውስጥ ለምትኖር ሰርሲ ለምትባል ጠንቋይ ተሰጠች። የወገኖቿን ስም መጥራት እንኳ ክልክል ነው። የምትጋልበው ፈረስ አጥንቱ የቀረ ነው፣ ክንፍ ያለው አጥንት። ቅዱስ ጊዮርጊስን በነጭ ፈረስ እያየ ላደገ ሰው መጀመሪያ ትንሽ ይከብዳል። እናቴ ሽፋኑን አይታ አማተበች፣ እኔም ገልብጬ አስቀመጥኩት። ግን ውስጡ ያለው ታሪክ የደግነት ነው። ልጅ ማሳደግ ያልፈለገችው ጠንቋይ ቀስ በቀስ እናት ስትሆን ታያለህ። ጭራቅ ከሚገደልባቸው ገጾች ይልቅ ሁለቱ ብቻቸውን የሆኑባቸውን ነው የምመለስባቸው። ቀለሙ የጆርዲ ቤለር ነው፣ ቀዩን ብቻ ለማየት ያስከፍላል ብትሉኝ እከፍላለሁ።

በነገራችን ላይ ኮሚክ የፈረንጅ ነገር ነው የሚሉኝ ሰዎች አሉ። የንግሥተ ሳባንና የሰሎሞንን ታሪክ በአርባ አራት ሳጥን ከፋፍሎ ሸራ ላይ የሚሥል ሀገር ውስጥ ተቀምጠው ነው እንግዲህ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ደግሞ ደጉን ሰው ሁለት ዓይኑን፣ ክፉውን በጎን አዙረው አንድ ዓይኑን ብቻ ነው የሚሥሉት። ገና ሳታነብ ማን ማን እንደሆነ ታውቃለህ። ይሄን ለጎረቤቴ ልጅ ነግሬው ስንት ቀን ሙሉ የኮሚክ ገጸ ባሕርያትን ዓይን ሲቆጥር ሰነበተ። ባትማን በጎን ዞሮ የቆመባትን ገጽ አሳይቶ አፋጠጠኝ። መልስ አጣሁ።

አርብ ማታ መብራት ጠፋ። መብራት ሲሄድ ኔትወርኩም አብሮት ስለሚሄድ አዲስ ማውረድ አልቻልኩም። ስልኬ ላይ የነበረውን አልቲሜት ስፓይደርማን ከመጀመሪያው ደገምኩት፣ እ.ኤ.አ. ጥር 2024 የጀመረውን፣ ጆናታን ሂክማን ጽፎ ማርኮ ኬኬቶ የሣለውን። ይሄኛው እያረጀሁ ስመጣ ነው የሚጥመኝ መሰለኝ።

እ.ኤ.አ. በ1962 በወጣው የመጀመሪያ ታሪክ ስፓይደርማን የሚሆነው ፒተር ፓርከር ተማሪ ሆኖ ነው ሸረሪቷ የነደፈችው። እዚህ ያ ዕድሉ ተሰርቆበታል። ሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ የደረሰ፣ ሚስት ያለው፣ ሪቻርድና ሜይ የሚባሉ ሁለት ልጆች የወለደ፣ ጋዜጣ ላይ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ነው። ኑሮው ደህና ነው። አንድ የጎደለ ነገር እንዳለ ብቻ ይሰማዋል። ከዚያ ቶኒ ስታርክ፣ በሌላው ታሪክ አይረን ማን የምንለው፣ ያቺን ሸረሪት ይልክለትና ምርጫው ያንተ ነው ይለዋል። ልጅ ሆኖ የተነደፈው አልመረጠም፣ ደረሰበት። ይሄኛው ልጆቹ በሚተኙበት ቤት ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚመርጠው። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ እኔ ብሆን ሸረሪቷን በጫማ ነበር የምላት።

በድሮው ታሪክ የሚሞተው የፒተር አጎት ቤን እዚህ አልሞተም፣ የሞተችው አክስት ሜይ ናት። ቤን ከጄምሰን ጋር ጓደኛ ነው፣ ያ ሁልጊዜ የሚጮኸው ጋዜጠኛ። ጋዜጣቸው የወንጀለኞች አለቃው ዊልሰን ፊስክ እጅ ስለገባ ሁለቱ ሽማግሌዎች ሥራቸውን ጥለው የራሳቸውን ለመጀመር ይወጣሉ። የኮሚኩ ምርጥ ቦታ እነሱ ተቀምጠው የሚጨቃጨቁበት ነው፣ ማንም በማይበርበት፣ ማንም በማይደባደብበት። ማታ በሻማ እያነበብኩ ብቻዬን ሳቅኩ።

የማልወደው አካሄዱን ነው። በአንድ እትምና በሚቀጥለው መሐል ያለው ወር በታሪኩም ውስጥ ወር ነው። ሐሳቡ ጎበዝ ነው፣ ግን ብዙ ነገር አንተ በሌለህበት ይሆናል። ወር ጠፍቶ ለቅሶ ቤት እንደሚመጣ ሰው «መቼ ነው ይሄ የሆነው? ማን ነገራቸው?» እያልክ ነው የምትከታተለው። ከአሥር ስምንት፣ ሽማግሌዎቹ ባይኖሩ ስድስት።

ቅዳሜ ልጁ ተመልሶ መጣና ሌላ አምጣ አለኝ። ከአልጋዬ ሥር ጀምበርን አወጣሁለት። እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዝኛም በአማርኛም የወጣ የእኛው ሱፐርሂሮ ነው። አማኑኤል ጥላሁን የሚባል፣ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው ኃይሉን የሚያገኘው። ልጁ ይሄን ሲሰማ ሳቀ፣ ታላቅ ወንድሙ ተመርቆ ሲቪ ይዞ መዞር ከጀመረ ከረመ። ባትማንን ሳጥን በሳጥን እየተረጎምኩ ነበር የነገርኩት፣ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ። ይሄን ራሱ ጮክ ብሎ አነበበ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጦ፣ የድብደባውንም ድምፅ ሳይቀር በአፉ እያሰማ። ለጀምበር ከአሥር ስንት ልስጠው? ለልጁ ትቼዋለሁ፣ እሱ ደግሞ ከአሥር አሥራ አንድ ብሏል።

ባትማኑ አሁን እኔ ጋ የለም። በያጁ ወስዶታል፣ ያችን መያዣ በደንብ ሊያያት። ትናንት ሥራ ቦታው ባልፍ መጽሐፉ የሚሠራው በር ላይ ተደግፎ ተከፍቷል፣ የምሳሩ ገጽ ጠርዝ ላይ ጥቁር የአውራ ጣት አሻራ አርፎበታል። ከጎኑ ላሜራ ላይ በጠመኔ የተሣለ የሌሊት ወፍ አለ። ሁለት ቀዳዳ ለብሎን ተነድፎበታል።